ኮሚክ ለግሬዲንግ ከመላኩ በፊት ፕሬስ ይደረግ? ከተደረገስ ማን ጋ? (ጥቆማ)

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አብዛኛው ኮሚክ ፕሬስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ደግሞ ሳይደረግለት ባይላክ ይሻላል። ጣጣው ሁለቱን መለየቱ ላይ ነው። ሰው ግን ይህን ይዘልና "ማን ጋ ልላክ?" ብሎ ይጀምራል። ወደ አገልግሎቶቹ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ መጽሐፉን እንየው።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ፦ ግሬዲንግ ማለት ኮሚኩን ለአንድ ድርጅት ልኮ የይዞታውን ደረጃ በቁጥር ማስለካት ነው፤ ድርጅቱም "ስላብ" በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎ ይመልሰዋል። ፕሬስ ማለት ኮሚኩን በትንሽ እርጥበት አለስልሶ፣ በሙቀትና በጫና ጠፍጥፎ፣ ከዚያ ክብደቱ እንደተጫነበት ማቀዝቀዝ ነው። የሚጨመርበት ነገር የለም፣ የሚቆረጥበትም የለም። ቀለም መቀባት፣ ቅዳጅ መለጠፍ፣ ጠርዝ መከርከም ሌላ ጉዳይ ነው። የግሬዲንግ ድርጅቱ ሲጂሲ ቀለም የተነካካ ወይም የተከረከመ መጽሐፍ ሲያገኝ እድሳት ተደርጎበታል ብሎ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ሌብል (ስላቡ ላይ ያለው መለያ) ይሰጠዋል፤ ገዢም ይሸሸዋል። ፕሬስን ግን እንደ እድሳት አይቆጥረውም። ፕሬስ የተደረገውም ያልተደረገውም እኩል ሰማያዊ ሌብል ያገኛል። ይሄ እስከ ዛሬ ያልተዋጠላቸው የቆዩ ሰብሳቢዎች አሉ። "እጅ ከገባበት ገዢው ይወቅ" ነው የሚሉት። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስሸጥ ፕሬስ የተደረገውን ተደርጓል ብዬ እጽፋለሁ፣ በዚህ ምክንያት ዋጋ የቀነሰብኝ ገዢ ግን የለም ማለት ይቻላል። ለአብዛኛው ሰው ዛሬ የተለመደ ነገር ሆኗል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ኮሚኩን ከፕላስቲኩ አውጡና ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። የክፍሉን መብራት አጥፉ። የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ጠረጴዛውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ ሲያዩት ልሙጥ የመሰለው ሽፋን ድንገት ጉዱ ይወጣል። የጣት ጫና የተወው ስርጉድ፣ ተደርድሮ ሲኖር የያዘው መወላገድ፣ ጥግ ላይ የተኛች እጥፋት፣ ሌላ ወረቀት ደርቦበት የጻፈ ሰው የእስክርቢቶ ምልክት፣ ሁሉም ጥላ ጥሎ ይታያል። ከዚያ መብራቱን ወደ ላይ አምጡና ያንኑ ቦታ ድጋሚ እዩት። ቀለሙ እንዳለ ከሆነ የጎበጠው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ፕሬስ ሊያወጣው ይችላል። ጉብጠቱ ላይ ነጭ መስመር ካያችሁ ግን ቀለሙ ተሰብሯል፣ የሚታያችሁ ከሥሩ ያለው ወረቀት ነው። ያ መስመር በፕሬስ ሊሳሳ ይችላል እንጂ አይጠፋም። ሸሚዝ መተኮስ ቀዳዳ አይደፍንም።

በዚህ ፍተሻ ብቻ ከክምራችሁ ብዙው ይወድቃል። በተለይ ስቴፕሉ አካባቢ፣ ሽፋኑ የሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች አተኩራችሁ እዩ። ጥቁር ሽፋን ላይ እነዚህ መስመሮች ነጭ ሆነው ይጮኻሉ፣ ነጭ ሽፋን ላይ ደግሞ ይደበቃሉ። ስለዚህ ነጭ ሽፋን ያለውን ሁለቴ እዩት።

ፕሬስ የማይነካቸው ሌሎችም አሉ፦ ቅዳጅ፣ የጎደለ ቁራጭ፣ የውሃ እድፍ፣ ፀሐይ የበላው ቀለም፣ የዛገ ስቴፕል፣ የቢጫነት ነገር። አንድ የሚረሳም አለ። ከ1974 እስከ 1976 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ብዙ የማርቭል ኮሚኮች ውስጥ ልጆች ቆርጠው የሚያጠራቅሙት ትንሽ ቴምብር ነበር። ሽፋኑ እንደ መስታወት የሚያበራ ሆኖ ቴምብሩ ከውስጥ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሌብል (ትልቅ ጉድለት እንዳለበት የሚናገረው) ነው የሚደርሰው፣ ፕሬስም አያድነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ። የሲጂሲ መለኪያ ከ0.5 እስከ 10.0 ይሄዳል፣ ከላይ በኩል ግን እርከኖቹ 9.2፣ 9.4፣ 9.6፣ 9.8 እያሉ ነው የሚዘሉት። ለዘመናዊ ኮሚክ ገበያው የሚፈልገው 9.8ን ነው። 9.6 ያገኘ አዲስ ኮሚክ ብዙ ጊዜ የግሬዲንግና የፖስታ ወጪውን እንኳ አይመልስም። እንበል አንድ መጽሐፍ በ9.6 በ60 ዶላር፣ በ9.8 በ130 ዶላር ይሸጣል። ለፕሬስ 15 ዶላር አወጣችሁ። መጽሐፉን ከ9.8 የሚያግደው ስርጉድ ብቻ ከሆነ ያዋጣል። የሚያግደው ነጭ መስመር ከሆነ 15 ዶላሩን ጣላችሁት። በ9.6 እና በ9.8 መካከል ያለው ልዩነት 20 ዶላር ከሆነ ደግሞ ስርጉድም ቢሆን ተዉት። ዋጋ ስታዩ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ መለየት ይቻላል፣ ሄሪቴጅ ጨረታ ቤትም የድሮ ውጤቶቹን ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። የሲጂሲን ሴንሰስም፣ ማለትም በየደረጃው ስንት ቅጂ እንደተመዘገበ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ አትዝለሉት። በ9.8 ብቻ አሥር ሺህ ቅጂ የተመዘገበ መጽሐፍ ለመሸጥ ምን ያህል ወረፋ እንዳለው ይነግራችኋል።

አሮጌ መጽሐፍ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። ከ4.0 ወደ 5.0 መውጣት እንኳ በታዋቂ እትም ላይ ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን አደጋውም አብሮ ያድጋል።

ሳልጠራጠር "አትንኩት" የምለው አለ። ገጹ ሲነካ የሚፈረፈር መጽሐፍ ለሙቀትና ለጫና አይሰጥም። በስቴፕል ሳይሆን በሙጫ የተያያዙ፣ ጀርባቸው ካሬ የሆኑትም ለማንም እጅ አይሆኑም፤ ሙጫው ይሰነጠቃል። ፎይል፣ ሆሎግራም ወይም ከፍ ብሎ የታተመ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ተጠፍጥፎ ይበላሻል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የወጡ የማርቭል መጽሐፎች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እርጥበትና ሙቀት ሲበዛባቸው ሽፋኑ ይሸበሸብና ያጥራል፣ የውስጥ ገጾቹ በቀኝ ጠርዝ በኩል ሾልከው ይታያሉ። ይህ ከአሥር ዓመት በላይ ያስጮኸ ጉዳይ ነው። ፕሬስ ተደርጎ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኘ፣ ግን ገጹ ከሽፋኑ የወጣ መጽሐፍ ስላብ ውስጥ ልታዩ ትችላላችሁ። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ፊርማ ልታስፈርሙበት ያሰባችሁት ካለ፣ ፕሬሱ ከፊርማው በፊት ይሁን። በቀለም እስክርቢቶ የተፈረመ ሙቀት ሲያገኝ በፕሬሱ ጊዜ ከሚደረብበት ወረቀት ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

ሲሲኤስ የሲጂሲ እህት ድርጅት ነው። ክላሲክስ ኢንኮርፖሬትድ ይባል የነበረው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከሲጂሲ ቤተሰብ ጋር ሲቀላቀል ነው ይህን ስም የያዘው። ትልቁ ጥቅሙ አንዴ ነው የምትልኩት። መጽሐፉ ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ ይደርሳል፣ እዚያው ፕሬስ ይደረጋል፣ እዚያው ወደ ግሬዲንግ ያልፋል። በመሀል የፖስታ መንገላታት የለም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሬስ ተደርጎ የተላከ መጽሐፍ መንገድ ላይ አዲስ ስርጉድ ይዞ ሊደርስ ይችላል። ክፍያው እንደ መጽሐፉ ዕድሜና ዋጋ ከፍና ዝቅ ይላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥራው በበዛ ጊዜ ወረፋው ያስረጃል፣ የፕሬስ ወረፋና የግሬዲንግ ወረፋ ደግሞ ይደመራሉ። ሁለተኛ፣ ትልቅ ቤት ስለሆነ "ይሄኛውን ተወው፣ ይሄኛውን አድርገው" የሚል ወግ ከሠሪው ጋር አይኖራችሁም። ፎርሙ ላይ ምልክት ያደረጋችሁበት ሁሉ ፕሬስ ይደረጋል፣ ይከፈልበታልም። ውድ ለሆነ አንድ መጽሐፍ፣ ወይም ራሳችሁ በደንብ አጣርታችሁ ለምትልኩት ጥቂት መጽሐፍ ምርጫዬ ይሄ ነው።

ሌላው የግሬዲንግ ድርጅት ሲቢሲኤስም ፕሬስ በራሱ ቤት ይሠራል። የተቋቋመው በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዱ ስቲቭ ቦሮክ ቀደም ሲል ሲጂሲ ውስጥ ዋናው ግሬደር (ደረጃ ሰጪ) ነበር። የድርጅት ምስክር በሌለበት የተፈረመ መጽሐፍ ካላችሁ ፊርማውን መርምረው ስለሚያረጋግጡ ለዚያ ጥሩ ናቸው። ለመሸጥ ከሆነ ግን ገበያው ለሲጂሲ ስላብ የበለጠ ይከፍላል። ይህ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።

ሦስተኛው በግል የሚሠሩት ናቸው። ብዙ ሰው የሚያተርፈውም የሚከስረውም እዚህ ነው። ጎበዝ ሠሪ መጽሐፉን አይቶ "ይሄ አያስፈልገውም፣ ብርህን ያዝ" ይላችኋል። ይህን ቃል አንድም ጊዜ ያልተናገረ ሠሪ ያጠራጥረኛል። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከትልቆቹ ቀነስ ይላል። አንዳንዶቹም ራሳቸው ለሲጂሲ አስረካቢ ስለሆኑ መጽሐፉ ተመልሶ እናንተ ጋ ሳይመጣ በቀጥታ ያልፋል። ችግሩ ፈቃድ ሰጪ የለም፣ ተቆጣጣሪም የለም። ማሽን የገዛ ሁሉ ፕሬሰር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሠሪ መጽሐፌን ሲመልስልኝ ከመሀል ያለው ስቴፕል በሽፋኑ ላይ ቅርጹን አትሞ ነበር። ሽፋኑ ልሙጥ ነው፣ ያማረ ነው፣ ሁለት ትናንሽ የስቴፕል ጥላዎች ግን ከፊት ቁጭ ብለዋል። ጫናው በዝቶ ነው።

ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። በምን ማሽን ይሠራል? መጽሐፉ ጫናው ሥር የሚቀዘቅዘው ለስንት ሰዓት ነው? ከሙቀቱ ወዲያው የሚያወጣ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ድሮ ጉብጠቱ ይመለሳል፤ ቢያንስ ማደር አለበት። መጽሐፉ ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ከሥራ በፊትና በኋላ፣ መብራት ከጎን በርቶ የተነሳ ፎቶ አለው? ከላይ የተነሳ ፎቶ ምንም አያሳይም።

"ክሊን ኤንድ ፕሬስ" የሚባለው በላጲስና በለስላሳ ማጽጃ ሊጥ የላዩን ቆሻሻ ማንሳትን ይጨምራል። ለነጭ ሽፋን ተጨማሪው ክፍያ ይገባዋል። ነገር ግን "ደረቅ ጽዳት ነው?" ብላችሁ አረጋግጡ። በውሃ ወይም በኬሚካል የታጠበ መጽሐፍ ሰማያዊውን ሌብል ሊያጣ ይችላል።

አራተኛው ራስን በራስ ነው። ማሽን ከፈለጋችሁ ለፎቶ መለጠፊያ የተሠራውን የድሮ ድራይ ማውንት ፕሬስ ፈልጉ። ከባድ ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ግን ሙቀቱ እኩል ይዳረሳል። የቲሸርት ማተሚያው ርካሽ ነው፤ የተሠራው ግን ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሚፈልግ ሥራ ነው። ኮሚክ የሚፈልገው ከ60 እስከ 80 ገደማ ነው። በዚህ ዝቅታ ላይ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥርና እውነተኛው ሙቀት ላይገናኙ ስለሚችሉ የተለየ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ከላይና ከታች የማይጣበቅ የሲሊኮን ወረቀት፣ በውስጥም ስቴፕሉ እንዳይታተም መከላከያ ማስገባትም አለ። የልብስ ካውያ ግን አይታሰብም። እንፋሎቱም እኩል ያልሆነ ሙቀቱም ሽፋኑን ያበላሸዋል። በዓመት አምስትና ስድስት መጽሐፍ ለሚልክ ሰው ማሽን መግዛት ትርፉ ድካም ነው። በመቶ የሚቆጠር ዘመናዊ ኮሚክ ለሚያልፍበት ሻጭ ግን ይህ ከሁሉም የሚረክስ መንገድ ነው፣ በርካሽ መጽሐፍ እስኪለምድ ድረስ ከታገሠ።

ስላብ ውስጥ ያለውን አስወጥቶ፣ ፕሬስ አድርጎ መልሶ መላክ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። አልፎ አልፎ ያዋጣል። የሰርተፊኬት ቁጥሩን ሲጂሲ ድረ ገጽ ላይ አስገቡና የግሬደሮቹ ማስታወሻ ካለ አንብቡት። መጎበጥንና ስርጉድን የሚጠቅስ ከሆነ ተስፋ አለው። ቀለም ተሰብሯል የሚል ካለ ስላቡን አትስበሩ። ማስታወሻ ከሌለው ደግሞ ቁማር ነው። ሲመለስ ከነበረበት ዝቅ ብሎ የመጣ አለ፣ ፕላስቲኩ ሲሰበር ጥጉ የተጎዳም አለ።

የሠሪ ስም ስጠን ለምትሉ፦ የግለሰብ ስም አልጽፍም። ዛሬ የተመሰገነ ነገ ሥራ በዝቶበት ሲያበላሽ ታይቷል። ይልቅ ከዶላር የማይበልጡ ሁለት ሦስት የተጎሳቆሉ ኮሚኮች ላኩለት። ከመላካችሁ በፊት በጎን መብራት ፎቶ አንሷቸው፣ ሲመለሱም በዚያው መብራት። መጀመሪያ ስቴፕሉን እዩ፣ ቀጥሎ የገጾቹ ጫፍ ከሽፋኑ መውጣት አለመውጣቱን፣ ከዚያ እንዴት አድርጎ እንዳሸገው። ሁለት ሳምንት አስቀምጡና ስርጉዱ ተመልሶ እንደሆነ እንደገና በመብራት አረጋግጡ። ውዱ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ይሂድ።