የድሮ ካምፐር የሽንት ቤት ታንከር እንዴት ይወርዳል?

የጣና ዳር ልጅ (ባህር ዳር)፦
እንዴት ናችሁ? እኔና የእህቴ ባል አንድ ያረጀ ማርቸዲስ ካምፐር ገዝተናል፤ ያ ፈረንጆች እየተኙበት አገር የሚዞሩበት፣ አልጋም ማብሰያም ሽንት ቤትም ያለው ዓይነት። አልጋውን አውጥተን ቡና መሸጫ ልናደርገው ነው። ችግሩ ከሥር ያለው የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ነው። ከአዲስ አበባ ስናመጣው ዓባይ በረሃ ገብተን ሙቀቱ ሲጀምር ሽታው ተነሣ፤ ደጀን እስክንወጣ አንገታችንን በመስኮት አውጥተን ነው የተጓዝነው። እውነቴን ነው።

ታንከሩ ሁለት ነው። አንዱ የሽንት ቤቱ፣ ሌላው የዕቃ ማጠቢያና የሻወር ውሃ የሚገባበት። የመጀመሪያውን ማውጣት እንፈልጋለን። ውስጥ ያለው መብራት ሙሉ ነው ይላል፣ ሳራቺኔስካውን (የመውጫውን መዝጊያ) ስንከፍተው ግን ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። አንድ ጋራዥ ወሰድነው፤ «ማሰሪያውን በጋዝ እሳት ቆርጬ በግማሽ ሰዓት አወርደዋለሁ» አሉን፣ ዋጋውን ስንሰማ ተመለስን። ራሳችን ብናወርደውስ? ደግሞስ በደንብ አጥበን የንጹህ ውሃ ሮቶ ብናደርገው?

የበረሃው ሹፌር፦
ዋጋው ነው ያተረፋችሁ! የሽንት ቤት ቆሻሻ ታምቆ ሲቀመጥ ሚቴን ያወጣል፣ ሚቴን ደግሞ ይነዳል። እዚያ ሥር እሳት ይዞ የሚገባ ሰው ምን አስቦ ነው? ሲጋራም ቢሆን እንዳይለኮስ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሌላው ጋዝ ደግሞ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን እንዳታስገቡ። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ሥሩ።

አሮጌ ካቻቢቴ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሹፌሩ ስለ እሳቱ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ አወራረዱ ልጨምር። በዕድሜዬ የፈታሁት ካምፐር ሁለት ብቻ ነው፣ ግን ሁለቱም አስተምረውኛል።

መብራቱን አትመኑት። ታንከሩ ጎን ላይ መጠኑን የሚለኩ ትንንሽ የብረት ጫፎች አሉ፤ ቆሻሻ ሲጋገርባቸው ባዶውንም ሙሉ ነው ይላሉ። ጠብ ጠብ አለ ማለት ግን ባዶ ነው ማለትም አይደለም። ፈሳሹ ወጥቶ ደረቁ እንደ ጠላ አተላ ሥሩ ላይ ይቀራል (ጠላ ለምትጠጡ ይቅርታ)። ሳራቺኔስካውን ዝጉ፣ የመውጫውን ክዳን ግጠሙ፣ በመቀመጫው በኩል እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉበትና ይደር። ጠዋት ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ተመለሱ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እየተንገጫገጨ ራሱን ያጥባል። ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ሁለት ሦስቴ ድገሙት።

አሁን ወደ ማውረዱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 80 ሊትር በሚይዝ ታንከር ውስጥ ግማሹ ቢቀር 40 ኪሎ ከነሽታው ደረታችሁ ላይ ይወርዳል። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንጠልጥላችሁ ሥሩ እንዳትገቡ፣ ሻንሲውን በወፍራም ጉማጅ አስደግፉት፣ ጎማውንም በድንጋይ። የዛጉትን ብሎኖች ከዋዜማው ናፍጣ አጠጧቸው፤ እምቢ ያለውን በሴጌቶ ቁረጡት እንጂ ግራይንደር ይቅር፣ ብልጭታ አለው። መጀመሪያ ከላይ መቀመጫውን ፍቱ፣ ከዚያ የመለኪያውን ሽቦዎች፣ ከዚያ ወደ ጣሪያ የሚወጣውን የአየር ቱቦ። እኔ አንዴ ቱቦውን ረስቼ ማሰሪያውን ሁሉ ፈትቼ ታንከሩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጭቃ ላይ ተጋድሜ በመዶሻ እደበድበዋለሁ፣ ለካ ከላይ ይዞት የነበረው ያ ቱቦ ነው። በመጨረሻ ሁለተኛ ክሪክ ከነጣውላው ታንከሩ ሥር አስገቡና በቀስታ ዝቅ እያደረጋችሁ አውርዱ።

ወለሉ ላይ የሚቀረውን ቀዳዳ በላሜራና በሲሊኮን ድፈኑት፣ አለዚያ የጭስ ማውጫው ጭስ ቡናችሁ ላይ ነው የሚገባው። የጣሪያውንም እንዳትረሱ፣ የጎጃም ክረምት ቀዳዳ አይምርም።

ሮቶ ማድረጉን እርሱት። ፕላስቲክ ሽታ ይጠጣል፣ ጭረቱ ውስጥ የገባውን ምንም ዓይነት ሳሙና አያወጣውም። ሰው ቡና ሊጠጣበት ነው እኮ! ሁለተኛውን ታንከር ግን አትንኩት፣ የስኒ ማጠቢያው ውሃ የት ሊሄድ ነው?

ቡሬ ነኝ፦
የሚወጣውን ቆሻሻ ወደ ቦይ እንዳትለቁት። የባህር ዳር ቦይ የት እንደሚገባ ታውቁታላችሁ። መጣጭ መኪና ጥሩ ወይም የራሳችሁ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት። ሁለተኛው ታንከር ስንጥቅ ካለው ደግሞ ዝም ብላችሁ ማጣበቂያ አትግዙ፣ ጥጉ ላይ ጠብታ አሴቶን አሳርፉበት። ከተጣበቀና ከለሰለሰ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ በራሱ ማጣበቂያ ይያያዛል። ምንም ካልሆነ ፖሊኢትሊን የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በፕላስቲክ ብየዳ ካልሆነ አይያዝም።

የጣና ዳር ልጅ፦
ወረደ! አያ ካቻቢቴ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቴ አጠብነው፣ የመጀመሪያውን ቀን ባልናገር ይሻላል። አንዱ ብሎን ናፍጣም አልገባው ብሎ በሴጌቶ ቆረጥነው፣ አንድ ሰዓት ፈጀ። የአየር ቱቦውን ባትነግረን ኖሮ እኛም በመዶሻ እንደበድብ ነበር። ከታንከሩ ውስጥ አንድ ማንኪያ ወጣ፣ እንዴት እንደገባ አላህም ማርያምም ይወቁ። የእህቴ ባል አጥቦ ለስኳር ሊያደርገው ሲል ቀምቼ ጣልኩት።