ፎቶዳዮዱ ሳይገጠም ንጹሕ፣ ሲገጠም የሚንቀጠቀጥ የብርሃን መቀበያ

ሽቦና_ብርሃን (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለ20 ሜጋቢት የብርሃን መስመር መቀበያ እየሠራን ነው። ኦፕአምፑ (ማጉያ ቺፑ) ኦፒኤ657፣ ፊድባክ ሬዚስተሩ (ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመልሰው) 10 ኪሎ ኦም፣ ፎቶዳዮዱ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይረው) ቢፒደብሊው34 በ3 ቮልት ሪቨርስ ባያስ (በተቃራኒ አቅጣጫ በተሰጠ ቮልቴጅ)፣ ሰፕላዩ ፕላስ ማይነስ 5 ቮልት። መጠኑ የታወቀ የብርሃን ምንጭና አቴንዌተር (ብርሃን መቀነሻ) እዚህ ዳር አካባቢ ስለማይገኝ፣ ፎቶዳዮዱን አንሥተን በእሱ ፈንታ ከሲግናል ጄኔሬተር በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከረንት እናስገባለን። ገመዱ ከዲሽ የተረፈ፣ 1.5 ሜትር ነው።

እንዲህ ሲሞከር ስኩዌር ዌቩ ንጹሕ ነው፤ ቁመቱ ግን ካሰላነው እጥፍ ይወጣል። ፎቶዳዮዱን መልሰን በፈጣን ኤልኢዲ ስናበራለት ደግሞ ጠርዙ ከሚረጋበት ቁመት 40 ፐርሰንት ያህል ያልፍና በ28 ሜጋኸርዝ ገደማ ይንቀጠቀጣል። የተበላሸው ፎቶዳዮዱ ነው ወይስ አሞካከራችን?

ፒኮፋራድ
ፎቶዳዮዱ ደህና ነው። የተካችሁት ግማሹን ብቻ ነው። ፎቶዳዮድ ማለት የከረንት ምንጭ ብቻ ሳይሆን ጎኑ ላይ ካፓሲተር ያለው የከረንት ምንጭ ነው። ቢፒደብሊው34 በ3 ቮልት ላይ በተለምዶ 25 ፒኮ ፋራድ አለው፣ እስከ 40 ሊደርስም ይችላል። ባያሱ ዜሮ ከሆነ 70 ነው። እናንተ ስትሞክሩ ኦፕአምፑ መግቢያ ላይ የነበረው የራሱ 5 እና የቦርዱ 2 ያህል፣ በድምሩ 7 ፒኮ ፋራድ ብቻ ነበር።

ለፊድባኩ የሚያስፈልገው ካፓሲተር እንዲህ ይሰላል፦ የመግቢያውን ካፓሲታንስ ለ3.14 × ፊድባክ ሬዚስተር × ጌይን ባንድዊድዝ (የኦፕአምፑ የማጉላት መጠንና የፍሪኩዌንሲ ስፋት ብዜት) አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ። የኦፒኤ657 ጌይን ባንድዊድዝ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው። በ7 ፒኮ ፋራድ 0.37 ይወጣል፤ ይህን ሬዚስተሩና ቦርዱ ሳታውቁት በራሳቸው ሊሰጧችሁ ምንም አይቀራቸው፣ ስለዚህ ንጹሕ መሰለ። ፎቶዳዮዱ ሲጨመር በሚሆነው በ30 ፒኮ ፋራድ ገደማ ግን 0.77 ያስፈልጋል። 0.3 ብቻ ካለ 40 ፐርሰንት ማለፉና 28 ሜጋኸርዙ ከስሌቱ ጋር ይገጥማል።

መፍትሔው፦ ፎቶዳዮዱ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ከመግቢያው ወደ ግራውንድ፣ 27 ፒኮ ፋራድ ሲ0ጂ (ዋጋው የማይዋልል ዓይነት) ካፓሲተር እግሩን አሳጥራችሁ በይዱ። ኤክስ7አር አይሁን፣ በቮልቴጅና በሙቀት ይዋልላል። መንቀጥቀጡ በኤሌክትሪክ ሙከራውም መታየት አለበት። ካልታየ ሞዴላችሁ ገና አልተስተካከለም ማለት ስለሆነ ወደ ፊት አትሂዱ። ከታየ በፊድባኩ ላይ 0.5 ፒኮ ፋራድ ጨምሩ። እንዲህ ያለ ካፓሲተር ካልተገኘ ሁለት ኢናሜል ሽቦ ጠምዝዛችሁ፣ ኦሲሎስኮፑን እያያችሁ ጫፉን በጥቂት በጥቂቱ ቁረጡ። ከዚያ 27ቱን አንሥታችሁ ከአሮጌ ኤፍኤም ሬዲዮ የወጣ ትሪመር (በማዞር ዋጋው የሚቀየር ካፓሲተር) ግጠሙና እስከ 40 ድረስ አዙሩት። ፎቶዳዮድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና በከፋው ላይም መጽናት አለበት።

50_ኦም
እጥፍ ስለሆነው፦ ጄኔሬተራችሁ 50 ኦም ሎድ እንዳለው ቆጥሮ ነው ቁጥሩን የሚያሳየው። 10 ኪሎ ኦም ለእሱ ክፍት ጫፍ ነው፣ ስለዚህ 100 ሚሊ ቮልት ስትሉት 200 ይሰጣል። ከ10 ኪሎ ኦሙ በፊት፣ ገመዱ ቦርዱን በሚነካበት ቦታ ሁለት 100 ኦም በፓራሌል ወደ ግራውንድ አድርጉ። ያኔ 100 ሚሊ ቮልት በትክክል 10 ማይክሮ አምፒር ይሆናል፤ ለቢፒደብሊው34 ይህ በ850 ናኖ ሜትር አካባቢ ከ17 ማይክሮ ዋት ብርሃን ጋር ይቀራረባል።

የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው። በ50 ኦም ሲዘጋ ከ12 ናኖ ሰከንድ በኋላ 4 ፐርሰንት የምታህል ደረጃ ታመጣለች። ትንሽ ናት፣ ግን ጠርዝ ላይ ስለምትወድቅ ሰው ያሳስታል። 50 ኦም ገመድ ፈልጉ፣ ካልተገኘ አሳጥሩት።

ሌላው ኦፍሴት (የሲግናሉ መነሻ ደረጃ) ነው። ፎቶዳዮድ ከረንት የሚሰጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩን ከማይነስ 50 እስከ ፕላስ 50 ካደረጋችሁት ብርሃን ፈጽሞ የማያደርገውን እየሞከራችሁ ነው። ከ0 እስከ ፕላስ 100 አድርጉት፣ አውትፑቱም ወደ ታች ይሂድ።

ጊጋ_ከለገጣፎ
ከረንት የምታስገቡበት ሬዚስተርም ንጹሕ አይደለም። እግር ያለው 10 ኪሎ ኦም በጎኑ 0.25 ፒኮ ፋራድ ያህል ቢኖረው ከ64 ሜጋኸርዝ በላይ ከረንቱ በራሱ ይጨምራል፤ ለእናንተ ችግር የለውም። ብሬድቦርድ (ሳይበየድ የሚሰካበት ቦርድ) ላይ ከሆነ ግን በሁለት ረድፍ መካከል 2 ፒኮ ፋራድ ስለሚኖር 8 ሜጋኸርዝ ላይ ይጀምራል። የሐሰት ኦቨርሹት (የጠርዝ ማለፍ) አይታችሁ ፊድባኩ ላይ ካፓሲተር ትከምሩና ባንድዊድዛችሁን በከንቱ ታጣላችሁ። ብሬድቦርድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ወደ ጂፖን (የቤት ፋይበር መስመር) ፍጥነት፣ ወደ 2.5 ጊጋቢት የሚሄድ ካለ ደግሞ ቺፕ ሬዚስተርም ብቻውን አያዋጣም። 0.05 ፒኮ ፋራድ ብቻ ቢኖረው 10 ኪሎ ኦም ከ318 ሜጋኸርዝ በላይ ከረንቱ ይጨምራል። በምትኩ አምስት 2 ኪሎ ኦም በተከታታይ ይሁኑ፣ ከሥራቸው ያለው የግራውንድ መዳብም ይፋቅ። የተዘጋጁ ቲአይኤ (ከረንትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይሩ ማጉያ) ቺፖች መግቢያቸው ዜሮ ቮልት ላይ ስለማይቀመጥ መጀመሪያ ያንን ለክታችሁ ከጄኔሬተሩ ቮልቴጅ ላይ ቀንሱ።

ኖይዝ ስትለኩ ይህን የማስገቢያ ሬዚስተር ንቀሉት። 10 ኪሎ ኦም በራሱ 1.3 ፒኮ አምፒር በስኩዌር ሩት ኸርዝ ያስገባል፣ እውነተኛ ፎቶዳዮድ ይህ የለውም።

ሽቦና_ብርሃን (ቱሉ ዲምቱ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። 27 ስንበይድ ያው መንቀጥቀጥ መጣ፣ 0.5 ሲጨመር ጠፋ። ትሪመሩ 40 ላይ ሲሆን የሚያልፈው 10 ፐርሰንት አይሞላም። ኖይዙን ግን ሬዚስተሩ ኖሮም ተነቅሎም ለካነው፣ ልዩነት አላየንም።

ፒኮፋራድ
አታዩምም። @ጊጋ ያለው መርሁ ልክ ነው፣ እዚህ ላይ ግን አይመዝንም። የኦፒኤ657 የቮልቴጅ ኖይዝ 4.8 ናኖ ቮልት በስኩዌር ሩት ኸርዝ ነው። በ30 ፒኮ ፋራድ ላይ 29 ሜጋኸርዝ ሲደርስ 26 ፒኮ አምፒር ይሆናል፣ የሬዚስተሩ 1.3 እዚያ ውስጥ አይታይም። አውትፑት ላይ እስከ 29 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ሲቆጠር 0.8 ሚሊ ቮልት አርኤምኤስ ገደማ ጠብቁ፣ የሬዚስተሩ ድርሻ 0.07 ብቻ ነው። ኖይዝን በትክክል ለመለካት የሚያስፈልገው 27 ፒኮ ፋራዱ ከቦታው አለመነሣቱ ነው። የብርሃኑ የራሱ ሾት ኖይዝ (ከረንቱ በነጠላ ኤሌክትሮኖች ስለሚመጣ የሚፈጠረው) በዚህ ዘዴ አይገኝም፣ ግን በ10 ማይክሮ አምፒር 1.8 ፒኮ ስለሆነ ማስላት ይበቃል።

በኢንቨርተር እየሠራችሁ ከሆነ ንባቡን አትመኑት። ሁለት 9 ቮልት ባትሪ ከ7805 እና ከ7905 (የፕላስና የማይነስ 5 ቮልት ሬጉሌተሮች) ጋር አድርጉ። ፕሮቡን ተዉትና ከአውትፑቱ በ50 ኦም ሬዚስተር አሳልፋችሁ በገመድ ወደ ኦሲሎስኮፑ አስገቡ፣ እዚያም በ50 ኦም ይዘጋ፤ ንባቡ ግማሽ ስለሚሆን በ2 አባዙት። ከዚህ በፊት የቦርዱን ሰፕላይ አጥፍታችሁ የኦሲሎስኮፑን የራሱን ኖይዝ መዝግቡ፣ የዚህን ስኩዌር ከቦርዱ ንባብ ስኩዌር ላይ ቀንሳችሁ ሩቱን ውሰዱ።