ስካይሪም ላይ ውሃው ሐምራዊ ሆነብኝ

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ጌሙ የ2016ቱ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ነው። ባሕር ዳር ጣና አጠገብ ላደገ ሰው የጌሙ ሐይቅ ጭር ያለ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ጫንኩ፣ አንዱ የውሃውን ምስል፣ ሌላው የማዕበሉን ድምፅ የሚያሻሽል። ድምፁ በጣም አሪፍ ሆነ፣ ዓይኔን ስጨፍን ማታ ሐይቁ ዳር የቆምኩ ያህል ነው። ውሃው ግን ድፍን ሐምራዊ! ቴክስቸር (የነገሮች ገጽ ላይ የሚለበጠው ምስል) ሲጎድል እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ። የውሃውን ሞድ አጥፍቼ ከዚያው ዚፕ መልሼ ጫንኩት፣ ሎድ ኦርደሩንም (ሞዶቹ የሚነሱበትን ቅደም ተከተል) ቀያየርኩ፣ ያው ነው። ሳወርደው ኔትወርክ ሁለቴ ስለተቆረጠ ፋይሉ ሳይጎድል አልቀረም። 2 ጊጋውን እንደ አዲስ ለማውረድ ደግሞ ፓኬጄ አይበቃኝም። የትኛው ቴክስቸር እንደጎደለ ለይቼ እሱን ብቻ የማስገባበት መንገድ አለ?