በበረኪና የታጠበ ጄሪካን ወተት ለምን ያበላሻል?

የጫጫዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጫጫ ነው የምኖረው፣ ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ሰሞኑን የማስረክበውን ወተት በአልኮል ሲፈትሹት ይረጋል፤ ይመልሱብኛል። ላሞቹን አስመርምሬያለሁ፣ ጡታቸው ጤነኛ ነው። ጄሪካኑን በየቀኑ በበረኪና አለቀልቃለሁ፤ ሽታም የለውም። ግን ጣቴን በአፉ አስገብቼ ስዳስሰው ሙልጭልጭ ይላል። በረኪና ባክቴሪያ አይገድልም እንዴ?

ወተት መርማሪ (ደብረ ብርሃን)፦
እህቴ፣ ጥፋተኛውን በጣትሽ ነክተሽዋል። የሚሙለጨለጨው ባዮፊልም ይባላል፤ ባክቴሪያዎች ራሳቸው የሠሩት ቤት ነው። ሥራዬ የወተት ጥራት ነውና ሰው በሌሊት ተነስቶ ያለበው ወተት በዕቃ ምክንያት ሲደፋ ከልቤ ያመኛል።

ወተት ፕላስቲኩን እንደነካ ፕሮቲንና ስቡ ስስ ሽፋን ይተዋል። ባክቴሪያው እዚያ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው፣ በቶሎ ከታጠበ ይነሳል። ከቆየ ግን ይጣበቅና በዋናነት ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ልጋግ ያመነጫል፤ ልጋጉ ውስጥ ተደብቆ ይራባል። ከዚያ ከላይ ያሉት እየተላቀቁ ወደ አዲሱ ወተት ይገባሉ።

በረኪና ይገድላል። ነገር ግን ክሎሪኑ መጀመሪያ የሚያገኘው ልጋጉንና የወተቱን ቅሪት ነው፤ አቅሙ እዚያው ያልቃል። ከሥር ያሉት ይተርፋሉ።

በብርዳችንም አትተማመኚ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ሱዶሞናስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ግን በ4 ዲግሪም ይራባሉ። አንዳንዱ ኢንዛይማቸው ወተቱ ከፈላም በኋላ ይሠራል፤ ወተቱን ያመርረዋል።

ወተቱ እንደተገለበጠ፣ ቅሪቱ ሳይደርቅ፣ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቂ። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈግፍጊው። ልጋጉን የሚያነሳው ፍግፈጋው ነው! በረኪናው የመጨረሻ ይሁን፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቀሽ ደፍተሽ አድርቂው። የጄሪካን አንገት ግን እጅ አያስገባም፣ የተጫረ ፕላስቲክም ለነሱ መሸሸጊያ ነው። አቅምሽ ከፈቀደ አፈ ሰፊ የብረት ዕቃ ግዢ።

የሸኖ ልጅ፦
እናቴ የወተቱን ቅል በወይራ ታጥናለች። እሱስ አይበቃም?

ወተት መርማሪ (ደብረ ብርሃን)፦
እናትህ ትክክል ናቸው። ጭሱ ባክቴሪያ የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች አሉት፣ ዕቃውንም ያደርቃል። ግን ታጥቦ ከጠራ በኋላ ነው የሚታጠነው።

የጫጫዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጄሪካኑ ሥር ነጭ ነገር ደርቆበታል፣ ሎሚ ልጨምርበት?

ወተት መርማሪ (ደብረ ብርሃን)፦
ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ያነሳዋል፤ የወተቱ ካልሲየም ነው። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም እንዳታገናኚው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሎሚውን በደንብ አለቅልቀሽ ካስወገድሽ በኋላ ብቻ በረኪና ንኪ።