ከፀሐይ የመጡት ቅንጣቶች ምንጫቸው ፍሌር ነው ወይስ ሲኤምኢ? እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌን ከፀሐይ በሚመጡ ኃይለኛ ቅንጣቶች ላይ እየሠራሁ ነው። ከኤሲኢ ሳተላይት ዳታ አንድ ክስተት መርጫለሁ። ቅንጣቶቹ ድንገት ጨምረው በሰዓታት ውስጥ ቀንሰዋል። የብረትና የኦክስጅን ሬሾ 1 አካባቢ ነው። አማካሪዬ «ምንጩን አስረግጠሽ ጻፊ» ብለውኛል። ፍሌር፣ ማለትም በፀሐይ ላይ የሚከሰት ድንገተኛ የኃይል ፍንዳታ ነው? ወይስ ሲኤምኢ፣ ማለትም ከኮሮና (ከፀሐይ ውጫዊ ከባቢ አየር) ተገንጥሎ የሚወረወረው የፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) ደመና? በምን ልለይ?

ኮሮና፦ እህቴ፣ ምልክቶችሽ ወደ ፍሌር ያደላሉ። ኮሮና ውስጥ ይህ ሬሾ 0.1 ገደማ ነው። ፈጣን ሲኤምኢ ከፊቱ ሾክ ዌቭ፣ ማለትም ድንገተኛ የግፊት ሞገድ፣ ይፈጥራል። ሾኩ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያፋጥን የቅንጣቶቹ ቅንብር በአማካይ ከኮሮናው ብዙም አይርቅም። እሱ የሚያመጣው ክስተት ደግሞ ቀናት ይቆያል። በትንንሽ ፍሌሮች ግን ብረት በ10 እጥፍ ያህል ይጨምራል።

ዋናውን ማስረጃ ግን አልነገርሽንም። ክብደቱ ያነሰው የሂሊየም ዓይነት፣ ሂሊየም-3ስ? በፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ ያለማቋረጥ በሚፈሰው የቅንጣት ጅረት) ውስጥ ለ10,000 ሂሊየም-4 ሂሊየም-3 የሚደርሰው 4 ወይም 5 ቢሆን ነው። በእነዚህ ክስተቶች ግን ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አለ! ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይኸውና፦ እዚያ የሚነሱት የፕላዝማ ሞገዶች ድግግሞሽ ሂሊየም-3 በመግነጢስ መስክ ዙሪያ ከሚሽከረከርበት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ እሱን መርጠው ኃይል ይሰጡታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሰማይ ጠቀስ፦ ኮሮና ባለው እስማማለሁ፣ ግን በብረቱ ብቻ አትተማመኚ። ቀደም ሲል ከነበሩ ፍሌሮች የተረፉ ቅንጣቶች ጠፈር ላይ ይቆያሉ። ሾኩ እነሱን እንደገና ሲያፋጥን ትልቅ የሲኤምኢ ክስተትም በብረት የበለጸገ ይመስላል። የብረቱን ቻርጅ የሚያሳይ ዳታ ካገኘሽ ጥሩ ነው። ከፍሌር የሚመጣው ብረት 20 ያህል ኤሌክትሮኖቹን አጥቶ ነው የሚደርሰው። በሾክ የተፋጠነው ግን በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ነው።

ራዲዮ፦ ፍሌሩ የፀሐይ ምዕራብ በኩል ነበር? ከእኛ ጋር በመግነጢስ መስክ መስመር የሚገናኘው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ነው። የዊንድ መንኮራኩርንም የሬዲዮ ዳታ እዪ። ድግግሞሹ በፍጥነት የሚወርድ ታይፕ 3 ፍንዳታ ካለ ኤሌክትሮኖች ወደ ውጭ አምልጠዋል ማለት ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሂሊየም-3ን አሁኑኑ አወጣለሁ። ለመግቢያዬ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ሬሾዬን ከፀሐይ ገጽ፣ ከፎቶስፌሩ ቅንብር ጋር ላነጻጽረው?

ኮሮና፦ አይሆንም። ቅንጣቶቹ በብዛት ፕሮቶን ናቸው፣ ቀጥሎ ሂሊየም። ከባዶቹ ጥቂት ቢሆኑም የትውልድ ቦታቸውን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ማግኒዥየም፣ ሲሊከንና ብረት ኤሌክትሮናቸውን በቀላሉ ስለሚያጡ ኮሮና ውስጥ ከፎቶስፌሩ 3 እጥፍ ገደማ በዝተው ይገኛሉ። ከፎቶስፌር ጋር ካነጻጸርሽ ይህን ጭማሪ የፍሌሩ ሥራ አድርገሽ ትቆጥሪዋለሽ። የኮሮናን ልኬት ተጠቀሚ።