ከኮሪያ ጦርነት ለገና የተላከ ደብዳቤ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ የአያቴ ታላቅ እህት በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነርስ ሆነው ጃፓን ሄደው ነበር። ለ1945 ገና ለእናታቸው የጻፉትን ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ አገኘነው። «እምዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፤ ብርዱ ከጮቄ ይብሳል እንጂ እኔ ደህና ነኝ» ይልና ጠላው ተጠምቆ እንደሆነ፣ ልጆቹ ለገና ጨዋታ ወጥተው እንደሆነ ይጠይቃል። ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል የለም። ለምን ይሆን? ወረቀቱም እጥፉ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

መልስ (ቢቸና)፦ በጦርነት ጊዜ ደብዳቤ ሳንሱር ይደረጋል። ደግሞስ የትኛዋ ልጅ ናት በበዓል ምድር ለእናቷ ስለ ደም የምትጽፈው? ተኩሱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ ደብዳቤው ሲጻፍ ቁስለኛው መምጣቱን አላቆመም ነበር።

መልስ (ባሕር ዳር)፦ እባክህ ላሚኔት እንዳታስደርገው! ፕላስተርም አትለጥፍበት፣ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል። ቀስ ብለህ ዘርግተህ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ ፀሐይ የማይነካው ደረቅ ቦታ አስቀምጠው።

መልስ (ደጀን)፦ በዚያ ዘመን ገጠር ላይ ደብዳቤ የሚያነበው ብዙ ጊዜ የደብሩ ዲያቆን ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቁጭ ብሎ እየሰማ። እሳቸውም ይህን እያወቁ ነው የጻፉት። «እገሌን ሳሙልኝ» ያሏቸውን ስሞች ጻፋቸው፣ ዘመዶቻቸውን አገር ቤት ታገኛቸዋለህ።