ስለ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት መጣጥፍ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አራት ኪሎ በተሰበሰብንበት ጊዜ ለአማርኛው ውክፔዲያ ከምናዘጋጃቸው የጦር ሰዎች መጣጥፎች መካከል የግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጉዳይ ሳይቋጭ ማደሩ ይታወሳል። ጀግንነታቸውን የተጠራጠረ ከመካከላችን የለም። የተለያየነው በአንድ ምሽግ አዛዥነት የሚታወቁ፣ በማዕረግም ከራሶቹና ከደጃዝማቾቹ በታች የነበሩ የጦር ሰው ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይከፈትላቸው ወይስ ታሪካቸው በ1928 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጦር ጋር በተደረገው የቆራሄ ውጊያ መጣጥፍ ውስጥ ይካተት በሚለው ላይ ነው። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ወደፊት ለሚመጡት መሰል ስሞችም መመሪያ ስለሚሆን፣ ቸኩለን እንዳንወስን እለምናለሁ።

ለመነሻ ያህል ያዘጋጀሁት ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «አንድ የጦር ሰው የራሱ መጣጥፍ የሚከፈትለት የፊታውራሪነት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ማዕረግ ከነበረው፣ ወይም ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ከተሸለመ ነው።» አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

አባል፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦

አስተባባሪያችን ስላዘጋጁልን ረቂቅ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በማዕረግ ላይ የተመሠረተውን መለኪያ ልቀበለው አልችልም። በእኛ አገር የቆየው ማዕረግ ዛሬ እንደምናውቀው የሠራዊት ማዕረግ በአገልግሎት ዘመንና በትምህርት ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ፊታውራሪነት ጦር መርቶ ለማያውቅ የአገር ሹም ሲሰጥ፣ በጦር ሜዳ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ደግሞ ባላምባራስ እንደተባለ ሊቀር ይችል ነበር። በማዕረግ ከቆጠርን የቤተ መንግሥት ቅርበት የነበራቸውን ሁሉ አስገብተን፣ በረሃ የወደቁትን በር ላይ እናስቀራለን።

የእኚህ ሰው ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወሰን ጥሶ ሲገባ፣ በደቡብ ምሥራቅ ግንባር ጠቅላላ አዛዡ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ነበሩ። ግራዝማች አፈወርቅ ግን ከፊት፣ ዛሬ በሶማሌ ክልል ቆራሄ ዞን በምንለው አካባቢ፣ ቀድሞ የሰይድ መሐመድ ዓብደላ ሐሰን ተዋጊዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ምሽግ ይዘው ነበር። የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ምሽጉን ሲደበድቡ ክፉኛ ቆሰሉ፤ ለሕክምና ወደ ኋላ ከመሄድ ይልቅ ከጦራቸው ጋር መቆየትን መርጠው በጥቅምት ወር ማብቂያ እዚያው አረፉ። ከሞታቸው በኋላ ጦሩ ምሽጉን ለቅቆ አፈገፈገ፤ ቆራሄም በጠላት እጅ ገባ። ስለዚህ የአንድ ሰው መኖርና መሞት የውጊያውን መልክ እንደለወጠ በግልጽ እናያለን። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞታቸው በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ መስጠታቸውም ቀኛዝማችነትንና ፊታውራሪነትን የዘለለ በመሆኑ፣ በጊዜው የነበረው መንግሥት ድርጊቱን እንዴት እንደመዘነው የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በረቂቁ መለኪያ ብንሄድ በሕይወት ሳሉ የማይገባቸው፣ ሞተው ግን የሚገባቸው ሰው ይሆናሉ ማለት ነው፤ ይህ እንዴት ይታረቃል?

አባል፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦

የመምህራችንን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ መለኪያው ግን የድርጊቱ ታላቅነትም ሊሆን አይገባም፤ ታላቅነትን የምንመዝነው በስሜታችን ነውና። መጠየቅ ያለብን የሰውየውን ሕይወት በታማኝነት ለመጻፍ የሚያበቃ፣ ከራሳቸው ወገን ውጭ የሆነ ጽሑፍ አለ ወይ ብለን ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎችም ለዓመታት ማዕረግንና ኒሻንን እንደ መለኪያ ሲጠቀሙ ኖረው በ2021 እ.ኤ.አ. የተዉት፣ ማዕረግ ያለው ሁሉ ተጽፎለታል ማለት እንዳልሆነ ስለተረዱ ነው።

በእጃችን ያለውን ልዘርዝር። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ኦጋዴን ወርዶ ግራዝማች አፈወርቅን በአካል አግኝቷቸዋል፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም ስለ እሳቸው በአድናቆት ጽፏል። ስቲር ለኢትዮጵያ ያደላ ነበር ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እውነትም አድልቷል። ሆኖም የሚያደላ ሰውና የሚታዘዝ ሰው ይለያያሉ፤ ስቲርን የሾመው የኢትዮጵያ መንግሥት አይደለም፤ ያየውንም የጻፈው በራሱ ስም ነው። በሌላው ወገን ግራዚያኒ ራሱ ስለ ደቡቡ ግንባር በ1938 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። የጠላት ጽሑፍ ለራሱ ክብር የተጻፈ ቢሆንም፣ ቀንን፣ የጦር ብዛትንና የምሽጉን አያያዝ ከስቲር ጋር ለማመሳከር ይጠቅመናል። ሦስተኛው ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም የነበረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ነው። የጥቅምትና የኅዳር 1928 ዓ.ም. ዕትሞቹ አንድ በአንድ ይታዩ፤ ይህንን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ጋዜጣው ግን የመንግሥት ድምፅ ስለነበር ለቀንና ለማዕረግ እንጂ ለመጣጥፍ መብቃት ማስረጃ አድርገን እንዳንቆጥረው አሳስባለሁ።

አባል፣ አርታኢ፦

እኔ የምሰጋው በአንድ ድርጊት ብቻ የሚታወቁ ሰዎችን በተመለከተ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ በተነሳው ግጭት የወደቁት ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ ከግጭቱ መጣጥፍ ተለይተው ቢጻፉ፣ አንባቢው የሚያገኘው የወልወልን ታሪክ በሌላ ርእስ ሥር ተደግሞ ነው። እንዲህ ያለው መጣጥፍ ሰውየውን አያከብራቸውም፤ ስለ እሳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስለ ግጭቱ ሃያ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይቀራል። ኮሪያ የወደቁት ከ120 በላይ የቃኘው ሻለቃ አባላትም እንዲሁ ናቸው፤ ስማቸው፣ ማዕረጋቸውና የወደቁበት ቀን በአንድ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ዝርዝር ቢሰፍር፣ ለእያንዳንዳቸው ባዶ ገጽ ከመክፈት የተሻለ ነው።

ይህን ስል ስማቸው ይጥፋ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አንድ አንባቢ ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ ብሎ ሲፈልግ በቀጥታ ወደ ወልወል መጣጥፍ፣ እሳቸው ወደተጠቀሱበት አንቀጽ የሚወስድ መምሪያ ገጽ ይዘጋጅ። ኋላ በቂ ጽሑፍ ሲገኝ ያው መምሪያ ገጽ ወደ ሙሉ መጣጥፍ ያድጋል። ግራዝማች አፈወርቅን በተመለከተ ግን ባለሙያዋ የዘረዘሩት ማስረጃ ከአንድ ቀን ውጊያ ያለፈ በመሆኑ ተቃውሞዬን አንስቻለሁ።

አባል፣ የአርበኛ ቤተሰብ፦

ሁላችሁንም በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ተጽፎ ባልተገኘ ሰው ላይ በር ስንዘጋ የማንን በር እየዘጋን እንደሆነ እናስብ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ስንት ወረቀት ተቃጠለ፣ ስንት ጸሐፊስ ተገደለ? ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት የቆመላቸው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰዎች አብዛኞቹ በስም እንኳ አልተመዘገቡም። አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን በመኪናው ያሸሸው ስምዖን አደፍርስ ተይዞ በሥቃይ ሲገደል፣ ስለ እሱ መጣጥፍ የሚሆን ሰነድ ያስቀመጠለት ማን ነበር? ዛሬም ስሙ የሚነሳው ከሁለቱ ጓደኞቹ ኋላ ነው። በፈረንጅ ጋዜጠኛ ያልታየ አርበኛ ሁሉ ከመዝገቡ ሊወጣ ነው ወይ? በለቅሶ ላይ የተነበበ የሕይወት ታሪክ፣ በቅድስት ሥላሴ የተቀረጸ የመቃብር ጽሑፍ፣ የቀረርቶው ግጥም፣ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ቃል፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው።

አባል፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦

ያነሱት ነጥብ ልብ የሚነካ ነው፤ ትክክልም ነው። የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስረጃ መሆኑና መዝገበ ዕውቀት በቀጥታ ሊጠቅሰው መቻሉ ለየብቻ ነው። የሽማግሌ ቃል በእኛ ብቻ ተሰምቶ ውክፔዲያ ላይ ቢሰፍር ሌላው አንባቢ ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ተቃራኒ ቃል የያዘ ሌላ ቤተሰብ ነገ መጥቶ ቢሰርዘውም ማን ትክክል እንደሆነ መለየት አይቻልም። መንገዱ ቃሉን ከነተናጋሪው፣ ከነቀኑና ከነቦታው ቀድተን፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በብሔራዊው ቤተ መዛግብት እንዲቀመጥልን መጠየቅና ተመራማሪዎች እንዲጽፉበት ማድረግ ነው። ረጅም መንገድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ስለማይጠብቁን ቀረጻው ከመጣጥፉ ይቅደም።

አባል፣ የአርበኛ ቤተሰብ፦

ቀረጻው በሐሳቡ ውስጥ እንደ ግዴታ ከተጻፈ እስማማለሁ። «ቢቻል» በሚል ቃል ከተጻፈ ግን አልስማማም።

አባል፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦

እኔም እደግፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የመጣጥፉ ርእስ «አፈወርቅ ወልደ ሰማያት» ተብሎ ያለ ማዕረግ ይሁን፤ በመግቢያው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ሲዋጉ ግራዝማች እንደነበሩና ደጃዝማችነቱ ከሞታቸው በኋላ እንደተሰጣቸው ይገለጽ። ቆራሄ ላይ «ደጃዝማች አፈወርቅ ተዋጉ» የሚል ጽሑፍ ካወጣን ስሕተት ይሆናል። ቀኖቹም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀድመው፣ የአውሮፓው ተከትሎ ይቀመጥ፤ የ1928 ዓ.ም. ጥቅምት በ1935 እንጂ በ1936 እ.ኤ.አ. እንዳልሆነ ብዙ ጽሑፎች ይሳሳታሉና።

አስተባባሪ፦

የማዕረጉን መለኪያ ከረቂቁ አውጥቻለሁ። በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት የተሻሻለው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው፤ እስከ ዓርብ ተቃውሞ ካልቀረበበት ለጠቅላላ ጉባኤው ይተላለፋል።

«አንድ የጦር ሰው በማንኛውም ማዕረግ ላይ የነበረ ቢሆን፣ ከቤተሰቡና ከሾመው አካል ውጭ የሆኑ ቢያንስ ሁለት የታተሙ ምንጮች ከስሙ መጠቀስ ባለፈ ስለ እሱ ጽፈው ከተገኙ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይዘጋጅለታል። ይህ ካልተሟላ ስሙ በውጊያው ወይም በክፍለ ጦሩ መጣጥፍ ውስጥ ይካተታል፤ መምሪያ ገጽም ይከፈትለታል። ማኅበሩ በእጁ ያለው የቃል ምስክርነት ብቻ ሲሆን፣ ምስክርነቱን ቀድቶ ለሚመለከተው ተቋም የማስረከብ ግዴታ አለበት። አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በዚህ መለኪያ የመጀመሪያው መጣጥፍ ይሁኑ፤ ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ በወልወል መጣጥፍ ሥር ይካተቱ። የስምዖን አደፍርስ ጉዳይ የምንጭ ፍለጋው እንደተጠናቀቀ ለብቻው ይታያል።»

የስምዖን አደፍርስን ፍለጋ የሚመራ አባል እስካሁን አልተመደበም፤ ፈቃደኛ የሆነ እዚሁ ያሳውቀን።

አባል፣ የአርበኛ ቤተሰብ፦

እኔ እወስደዋለሁ። አርታኢው ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል።

አባል፣ አርታኢ፦

በደስታ አግዛለሁ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ እንገናኝ።